«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል»

ይህ ቃል በመኪናው ለሚያድር የታክሲ ሹፌር ፍርድ ነው። ብዙ ጋራዥ ደግሞ ሳይለካ ይፈርዳል። ሞተሩ አልነሳ፣ የምርመራ ማሽኑም አላነብ ሲል ሹፌሩ በቀጥታ ወደ ሱማሌ ተራ ይላካል።

የማሽኑ ዝምታ ግን የሞት ማስረጃ አይደለም። በቅድሚያ ፊውዙ፣ 12 ቮልቱና ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ሽቦ በቴስተር ይታያሉ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮች የሚያከፋፍለው 5 ቮልት አለ። አንድ ሴንሰር ሾርት ካደረገ ይህ ቮልት ይወርድና ጤነኛውን ኮምፒውተር በድን ያስመስለዋል። ሴንሰሮቹን በየተራ እየነቀሉ ቮልቱ መቼ እንደሚመለስ ማየት ነው፤ ቴስተርና ትዕግሥት ይበቃዋል (ሁለተኛው ነው የጠፋው)።

በእርግጥ የሚቃጠልም አለ፤ ውሃ የገባበት፣ ባትሪው ተገልብጦ የታሰረበት። ያቃጠለው ሾርት ሳይገኝ ሌላ ቢገጠም እሱም ይከተላል። ከሌላ መኪና የተፈታ ሲገዛ የዕቃው ቁጥር መመሳሰል አለበት። ኢሞቢላይዘር ባለው መኪና ደግሞ ቁልፉ ከተገጠመው ኮምፒውተር ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩ አይሠራም።

የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሹፌሩ ያለችውን ከመጠገን ሌላ ምርጫው ጠባብ ነው። ተበድሮ የገዛውን ኮምፒውተር አስገጥሞ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ዝም ትላለች። መካኒኩም «ይሄም የተቃጠለ ነው የሸጡልህ» ይለዋል።