መቀነት ሳይፈታ መንገድ ይለካ

የወር ደመወዝ በሁለት በር ይወጣል፤ አንደኛው በር የቤት ኪራይ፥ ሁለተኛው መንገድ ነው። የቤት ኪራዩን በር ማጥበብ በእኛ እጅ አይደለም። የመንገዱን በር ግን ማጥበብ ይቻል እንደሆነ ልሞክር ብዬ፥ በነበረኝ ተራ ቢስክሌት ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገጥሜ፥ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቴ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መመላለስ ከጀመርሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ተማሪዎቼም ሆኑ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ጓደኞቼ ቢስክሌቱን ሲያዩ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ምን ያህል ይፈጥናል?» እያሉ ነው። ገንዘብ የሚያድነው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም «የምሄድበት መንገድ ምን ዐይነት ነው?» የሚለው ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በኋላ ጎማው እምብርት ላይ ሞተር ለተገጠመበት ቢስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. መጨረሻ፥ ማለት ከዐድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ዛሬ ይህን አሳብ ለእኛ ያቀረበልን ቀላልና ብዙ ኀይል የሚይዘው የሊቲየም ባትሪ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ ጤነኛ ሰው ብዙ ሳይደክም በፔዳል የሚሰጠው ኀይል 100 ዋት ያህል ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ይኸው ይበቃል። ስለዚህ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳ ከተማ የሚኖርና መንገዱ አጭር የሆነ ሰው፥ ገንዘቡን ለሞተር ከሚያወጣ ለጥሩ ጎማ ቢያወጣው ይሻለዋል። አዲስ አበባ ግን የዳገት አገር ናት። ከነቢስክሌቱ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ልሂድ ቢል ከ220 ዋት በላይ ያስፈልገዋል። መቶውን እግሩ ይሰጣል፤ የቀረውን ሞተሩ ይሙላለት። ለዚህም 250 ዋት የሚባለው ትንሹ ሞተር ይበቃል። ሞተሩ ዳገት ላይ ከኋላ የሚገፋ ወንድም ነው እንጂ ተሸክሞን የሚሮጥ ፈረስ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚበላው ባትሪው ነው፤ ስለዚህ መጠኑን በልክ መምረጥ ይገባል። የእኔ መንገድ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ፔዳሉን እየረገጡ ሲሄዱ በኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ያህል፥ ዳገት ሲበዛ ደግሞ እስከ 15 ይፈጃል እንበል። 14 በ15 ሲባዛ 210 ይሆናል። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዕለት ፍጆታዬ የሚተርፈው ባትሪው ሲያረጅ የሚደክምበት ተቀማጭ ነው። ጎረምሶች የሚመኙት 48 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት የሆነው ባትሪ ግን 960 ዋት ሰዓት ነው። እርሱን ብገዛ ኖሮ ለማልሄድበት መንገድ ዋጋ በከፈልሁ ነበር።

ለመብራት የሚከፈለው እምብዛም አያሳስብም። የእንጀራ ምጣዳችን 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ባዶ የሆነውን ባትሪዬን የሚሞላው ኤሌክትሪክ ምጣዱ በሰባት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ነው፤ ማለት ሁለት ወይም ሦስት እንጀራ እስኪወጣ ነው።

ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት ግን ፍሬኑ ይታይ። በክፍል ውስጥ እንደምናስተምረው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚያቆመው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። በ15 የሚያቆም ያረጀ የፍሬን ጎማ በ30 ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ያሳጣል። እንዲሁም ሞተሩ በፊት ጎማ የሚገጠም ከሆነ ጎማውን የሚይዘው ሹካ ብረት መሆን አለበት፤ ሞተሩ ዘንጉን ወደ ኋላ ለማዞር ስለሚታገል ዘንጉን ቈልፎ የሚይዝ ተጨማሪ ብረት ይታሰርለት። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያጠፋ የፍሬን እጀታም አይቅር።

በባትሪ ላይ ቈጥቦ ያተረፈ የለም። ከአሮጌ ኮምፒዩተር ተፈታትቶ የተቀጣጠለ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ክፍል ከሌላው ካልተስማማ ይግላል፤ ከጋለም ሊነድ ይችላል። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው፤ ባትሪው የሚሞላው አልጋችን አጠገብ፥ አንዳንዴም ሕፃን በተኛበት ነው። ስለዚህ መከላከያው ያለበት ሙሉ ባትሪ፥ ለእርሱ የተሠራ ባለ 42 ቮልት ቻርጀር ይገዛ፤ ሰው ነቅቶ ሳለ ይሞላ፤ ከበር መውጫ ላይም አይቀመጥ። የሊቲየሙ ዋጋ ካልተቻለ የእርሳስ ባትሪ አለ፤ ነገር ግን ለዚሁ ሥራ 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዕድሜው እንዳያጥርም ከያዘው ኀይል ግማሹን ብቻ መጠቀም ይበጃል።

«ከወር ደመወዝ ይህን ሁሉ ከየት?» ትሉ ይሆናል። በአንድ ቀን አይገዛም። በመጀመሪያው ወር ፍሬኑና ጎማው ይታደሱ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይምጣ፤ ለባትሪው ዕቁብ ይገባ። በዚህ መካከል ቢስክሌቱ በእግር እየሄደ ያገለግላል፤ እግራችንም ይጠነክራል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዓባይ ግድብ ተመረቀ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ይወራል፤ ነገር ግን የእኔና የእናንተ ደመወዝ መኪናውን እስኪደርስበት ድረስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ወይም ቢሮ መገኘት ግድ ነው። ተማሪዎቼ የሚጠብቁት መምህራቸው ስለ ታክሲ ሰልፍ የሚያቀርበውን ምክንያት ሳይሆን ትምህርቱን ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አንሡና ሦስት ነገር ጻፉ፤ የመንገዳችሁን ርዝመት፥ የዳገቱን ከፍታ፥ የራሳችሁንና የቢስክሌቱን ክብደት። ስሌቱ ሞተር አያስፈልግም ካላችሁ እሰየው፤ ሳታወጡ አተረፋችሁ። ያስፈልጋል ካላችሁም ወረቀቱን ይዛችሁ ገበያ ውጡ፤ ነጋዴው ትልቁን ሲያሳያችሁ ወረቀታችሁን አሳዩት።