የጣውላ ቤት በኔፒየር

ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ ቦታ የገዛ እንደ ሆነ ቤቱን እንደ ፈቃዱ የሚሠራ ይመስለዋል። በኒው ዚላንድ በኔፒየር ከተማ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ቤት ሲያሠራ ከተመለከትሁ በኋላ ግን፣ ይህ አሳብ ግማሹ ብቻ እውነት መሆኑን ተረዳሁ።

ኔፒየር በሰሜኑ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በሜዳዋ ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች ዝቅ ዝቅ ያሉ የሲሚንቶ ሕንፃዎች ሲሆኑ፣ ከባሕሩ አጠገብ የተነሣውን ኮረብታ የሸፈኑት ግን የጣውላ ቤቶች ናቸው። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ፣ «አገሩ ባለጸጋ ሆኖ ሳለ ስለ ምን በእንጨት ቤት ይኖራሉ?» ማለቱ አይቀርም። እኔም አስተናጋጄን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

እርሱም መልሱን የጀመረልኝ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1931 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 3 ቀን፣ ልጆች ከረጅሙ ዕረፍት ተመልሰው ትምህርት በጀመሩበት ዕለት፣ ከጧቱ በ4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ በመለኪያው 7.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። የጡብ ቤቶች ግንባራቸው ወደ መንገድ ተናደ፤ ወዲያውም እሳት ተነሣ፤ የውሃው ቧንቧ ተሰብሮ ስለ ነበር እሳቱን ለማጥፋት አልተቻለም። በአውራጃው 256 ሰዎች ሞቱ። ምድሩም ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ከማለቱ የተነሣ በውሃ ሥር የነበረ ሰፊ ስፍራ ደረቅ መሬት ሆነ፤ ዛሬ የአውሮፕላን ማረፊያው ያለው በዚያ ላይ ነው። ከጣውላ ቤቶቹ ግን አብዛኞቹ የጡብ ጭስ መውጫቸው ብቻ ወድቆ እነርሱ ቆመው ቀሩ። «ጡብ ይሰበራል፤ እንጨት ግን ተወዛውዞ ይመለሳል» አለኝ።

በማግሥቱ ወደ ሥራው ቦታ ወሰደኝ። የቤቱ አጥንት በቋሚና በአግዳሚ እንጨት ተዋቅሯል። አናጢዎቹም በአገሩ ቋንቋ ዌዘርቦርድ የሚባለውን ጣውላ ከታች ጀምረው፣ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ እንዲሸፍን እያደረጉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደራርቡታል። ምስማሩ ከሥር ያለውን ጣውላ አይነካም፤ እንጨት በዝናብ ስለሚያብጥና በፀሐይ ስለሚኮማተር፣ ከላይም ከታችም የተቸነከረ እንደ ሆነ ይሰነጠቃል። ከጣውላው በስተ ኋላ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ሰርጎ የገባ ውሃ በዚያ ወርዶ ይወጣል፣ ነፋስም ያደርቀዋል። ለባሕር በቀረበ ስፍራ ጨዋማው ነፋስ ብረትን ቶሎ ስለሚበላ ምስማሩ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። ጥቁር ቀለም ሙቀት ስቦ ጣውላውን እንዳያጣምመው፣ ነጣ ያለ ቀለም ይመረጣል።

ባለቤቱ ግን አንድ ቅሬታ ነበራት። ከወጥ ቤቷ ሆና ባሕሩን ለማየት ብዙ ዓመት ስለ ተመኘች፣ በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ ሁሉ መስተዋት እንዲሆን ፈልጋ ነበር። ነገር ግን መስተዋት ብቻ የሆነ ግድግዳ ነውጥን ስለማይቋቋም፣ ወይ ወፍራም የብረት ማዕቀፍ ማስገባት፣ ወይ ደኅና ግድግዳ መተው ግድ ሆነ። ለብረቱ ገንዘቡ አልበቃም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በሁለት መስኮትና በመካከላቸው ባለ ግድግዳ ተስማሙ።

ልመለስ ስል ሴትዮዋ ገና መስተዋት ባልገባበት መስኮት ላይ ተደግፋ አገኘኋት። «ከዚህ ብቆም ወደቡ ይታየኛል፤ ከዚያኛው ብቆም ዳርቻው ይታየኛል። መካከሉን ለምድሪቱ ተውሁላት» አለችና ሣቀች።

የእኛም ምድር ስምጥ ሸለቆው በሚያልፍበት በኩል የምትነቃነቅ ናት፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ ብዙ ቤት ፈርሷል። ከደመወዛችን እየቈጠብን ቤት ለመሥራት የምናስብ ወጣቶች ስለ መስኮቱ ስፋትና ስለ ቀለሙ እንደምንጨነቅ ሁሉ፣ ቤቱ የሚቆምበትን ምድር ጠባይ አስቀድመን ብንጠይቅ ይበጀናል።