ለወንድሜ ዌብሳይት ኤዲተር ስሆን

ጋዜጠኝነት የተመረቀች ልጅ ለቤተሰቧ ያላት ጥቅም የታወቀ ነው፤ ማመልከቻ ትጽፋለች። ለቀበሌ፣ ለዕድር፣ ለመብራት ኃይል... በቅርቡ ደግሞ አዲስ ሥራ ተጨመረልኝ። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ የሚፈልገው ታናሽ ወንድሜ የራሱን ፖርትፎሊዮ ዌብሳይት ሠራና "እስቲ ጽሑፉን እይልኝ" አለኝ።

መቼም ገጹ ያምራል። ጥቁር መደብ፣ ፊደል በፊደል እየተጻፈ የሚመጣ ስም፣ የማውሱን ቀስት የሚከተሉ ነጠብጣቦች... ዝቅ ስትሉ የችሎታ መለኪያ ታገኛላችሁ፤ ጃቫስክሪፕት 90 በመቶ፣ ፓይተን 85 በመቶ። "ማን ለካህ?" አልኩት። "ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለኝ። ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ በየዓመቱ አዲስ ስታንዳርድ የሚወጣለትን ቋንቋ 90 በመቶ ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ። ምንጭ የሌለው ቁጥር በእኔ በኩል አያልፍም፤ ወጣ።

ከዚያ ሥራዎቹ። ካልኩሌተር፣ የአየር ሁኔታ ማሳያ... ኮድ የተማረ ሁሉ የሚሠራቸው መለማመጃዎች። መጨረሻ ላይ ግን በአንድ መስመር "የመድኃኒት ቤት ኢንቬንተሪ ሲስተም" የሚል አለ። ምንድነው ይሄ? ብዬ ቃለ መጠይቅ ጀመርኩ።

ለካስ የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ባለቤት ጊዜው የሚያልፍ መድኃኒት እያመለጣቸው ይከስሩ ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእሳቸው መዝገብ በእኛ። ወንድሜ ፕሮግራሙን ሲጀምር የተለመደው የቀን መምረጫ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው፤ ጳጉሜ መግቢያ የላትም። እሷ ደግሞ 5 ቀን ሆና ትቆይና በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። በዚህ የተነሳ መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ላይ ይውላል። በዚያ ላይ ኔትወርክ ጠፋ ተብሎ ሽያጭ አይቆምም፤ ስለዚህ መረጃው መጀመሪያ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥና መስመር ሲመለስ ይላካል። ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ቀብሮታል! አንደኛ ገጽ የሚወጣ ዜና እኮ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። "ብቻህን ነው የሠራኸው?" ዝም አለ። ገጹ "ሠራሁ" ይላል። አብሮት የለፋ የክፍሉ ልጅ አለ፤ እሱም ሥራ ፈላጊ ነው፤ ማመልከቻቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገናኝ ይችላል። "'ሠራን' ካልኩ ግማሽ ሰው ነው የምመስለው" አለኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ለአንድ ክፍት ቦታ ለሚሻሙ ሰዎች የጓደኛን ስም መጻፍ ቀላል አይደለም። ግን ጊትሀብ ላይ እያንዳንዱ ለውጥ ከሠሪው ስምና ከቀኑ ጋር ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ጠያቂ አሠሪ ያየዋል። ማንም ባያይስ? የልጁ ድካም የልጁ ነው። ተኮራርፈን አደርን። ጠዋት ስከፍተው "የቀን ስሌቱን እኔ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራውን ክፍል ጓደኛዬ" ብሎ ከነስሙ ጽፎታል። ያቺ መስመር ከነጠብጣቦቹ ሁሉ በለጠችብኝ።

በአማርኛም አንድ ገጽ አስጨመርኩት። "ማን ሊያነበው?" አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሰበብ የለም። ባለ መድኃኒት ቤቷ ያንብቡት፤ ዋናዋ ምስክር እሳቸው ናቸው። ዶሜይን የምንገዛበት የዶላር ካርድ ስለሌለን ለጊዜው በነጻው ጊትሀብ ፔጅስ ላይ አስቀምጠነዋል።

ማመልከቻ ከላከባቸው ቦታዎች እስካሁን መልስ የለም። ባለ መድኃኒት ቤቷ ግን አንብበው ደወሉ። "ጥሩ ጽፋችኋል ልጄ። ደረሰኝ ማተሚያው ዛሬም እምቢ ብሏል፤ መቼ ነው የምትመጡት?"