በሰከንድ 190 ፒክስል

እንግዲህ ዛሬ ስለ ጌም ልናወጋችሁ ነው። ስለ መጫወት አይደለም። እሱንማ ማን ያጣዋል? ታክሲ ሰልፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ውስጥ የሚዘለውንና የሚሮጠውን ሕዝብ ታዩት የለ! እኛ የምናወራው ስለ መሥራት ነው። ያውም ከዜሮ ተነስቶ። ያውም በቆጂ ተቀምጦ።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። አንዱ የአሮጌው ላፕቶፕ ባለቤት ነው፤ ኮሌጅ ገብቶ ትንሽ ኮድ ቀምሷል። አንዷ ጋዜጠኝነት ተምራ ስታበቃ «ታሪኩን ለኔ ተዉት» ብላ የገባች ናት (እውነቱን ለመናገር ኮድ ፈርታ ነው)። ሦስተኛዋ ደግሞ እስከ 19 ዓመቷ ድረስ ሯጭ ነበረች። በቆጂ ውስጥ «ሯጭ ነበረች» ከባድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማንም ቀጥሎ «ከዚያስ?» አይልም።

በቆጂን ለማታውቋት፦ ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ የምታገኟት፣ ገብስና ስንዴ የከበባት፣ ጋሪ የሚበዛባት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ ከዚህችው ከተማና ከዙሪያዋ ነው የወጡት። የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ታውን ኦፍ ራነርስ» የሚል ዶክመንተሪ ተሠርቶላታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤት ከወጣችሁ በባሕር ዛፉ መሀል የሚያልፍ የልጆች ሰልፍ ታያላችሁ። ስለዚህ «ጌሙ ስለ ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ደቂቃም አልፈጀብን።

መሥሪያ ፍለጋ ገባን። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዩኒቲ ነው። ዩኒቲ ግን በጊጋባይት የሚቆጠር ነገር ነው፤ የኛ ላፕቶፕ ደግሞ ሁለት ፎቶ አንድ ላይ ሲከፈትበት የሚያቃስት። ዞረን ዞረን ጎዶ የሚባል አገኘን። ሁለት አርጀንቲናውያን ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ነፃ የሆነ፣ ቀላል የሆነ። ስሙን ያገኘው ከሳሙኤል ቤኬት ተውኔት ነው አሉ፤ ሁሌ ከሚጠበቀውና ሁሌ ከማይመጣው ሰውዬ። በቆጂ ኔትዎርክ ላይ ዳውንሎድ ስናደርገው ስሙ ገባን።

ጌም ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁን ዛሬ እንዲህ እንላለን። ትምህርት ቤት ሳለን የደብተራችን ጥግ ላይ ሰው እየሣልን፣ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ስንገልጠው ሰውየው ይራመድ አልነበር? ጌም ያ ደብተር ነው። ልዩነቱ በሰከንድ 60 ጊዜ መገለጡና፣ እያንዳንዱ ገጽ የሚሣለው ገና ሲገለጥ መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ በየገጹ ይጠይቃል፦ ተጫዋቹ ምን ተጫነ? ልጅቷ የት ደረሰች? ምን ነካች? መልሱን ይሥላል። ደግሞ ይጠይቃል። በቃ ይኼው ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ግን ፈጀን!

መጀመሪያ መዝለል ልናስተምራት አሰብን። ዝለይ ስንላት መሬት ውስጥ ገባች። እንደገና ሞከርን፤ እንደገና መሬት ዋጣት። ለካስ ኮምፒዩተር ቁመትን የሚቆጥረው ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ነው። ወደ ላይ መሄድ ማለት መቀነስ ነው። የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ሥለው «ይኼ ፖዘቲቭ ነው» ሲሉን የኖርን ልጆች፣ አንድ የመቀነስ ምልክት ፍለጋ አንድ ምሽት አሳለፍን።

ቀጥሎ ፍጥነት መጣ። «በየገጹ 10 ፒክስል ወደ ፊት ሂጂ» ብለን ጻፍንላት። በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሸጋ ሩጫ ሮጠች። ደስ ብሎን በፍላሽ ገልብጠን ጎረቤት ያለ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ስንከፍተው ግን ልጅቷ ሳትታይ ጠፋች። ማለት፣ አለች፤ ግን ጋሪው ላይ ለመድረስ ዐይን ጨፍኖ መግለጥ አይሞላባትም። ቫይረስ ነው አልን። መቼስ ያልገባን ነገር ሁሉ ቫይረስ ነው።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። የኛ ላፕቶፕ አቅም ስላጣ በሰከንድ 20 ገጽ ብቻ ነበር የሚገልጠው። አዲሱ 60። አሥር ፒክስል በ20 ገጽ 200 ነው፤ በ60 ገጽ 600። አንዲት ልጅ ናት፣ በድሃ ቤት ቀስ ብላ፣ በሀብታም ቤት በርራ የምትሮጠው። መድኃኒቱ ዴልታ ይባላል፦ ካለፈው ገጽ ወዲህ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይነግራችኋል፤ ፍጥነቱን በሱ ታባዙታላችሁ። ያኔ «በየገጹ ስንት» መባሉ ይቀርና «በሰከንድ ስንት» ይሆናል።

ጥሩ። ግን በሰከንድ ስንት?

እስከዚህ ድረስ ሯጯ ጓደኛችን ላፕቶፑን ነክታው አታውቅም። ጥግ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ቆሎ እየቆረጠመች ታየናለች። ይኼን ስንጠይቅ ነው ብድግ ያለችው።

«ቁመቷ ስንት ነው?»

«48 ፒክስል።»

«አንድ ሜትር ከስልሳ ናት በሉ። ስለዚህ አንድ ሜትር 30 ፒክስል ነው።» ከዚያ ወረቀት ጠየቀች። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን የሮጠው በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ነው (እስከ 2020 ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር)። ለ25 ዙር ሲካፈል አንዱ ዙር 63.1 ሰከንድ። በሰከንድ 6.34 ሜትር። በ30 ሲባዛ 190 ፒክስል። ይኼን ሁሉ ያለ ካልኩሌተር ጻፈችና «የናንተዋ በሰከንድ 600 ፒክስል ማለት 20 ሜትር ነው። ዩሴን ቦልት እንኳ በሕይወቱ ፈጣኗ ቅጽበት ላይ ከ12 ሜትር ጥቂት ነው ያለፈው። መኪና ነው የሠራችሁት» አለችን።

ቀጥላም «ትንፋሽስ የታል?» አለች።

ቫሪያብል ማለት ስም የተጻፈበት ቁና ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል። ትንፋሽ የሚል ቁና አበጀንና 100 ሞላንበት። ከ190 በላይ ስትሮጪ ቶሎ ይጎድላል፤ ከ150 በታች ስትሆኚ ቀስ ብሎ ይሞላል። በቆጂ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ስለሆነ «ታዲያ እዚህ ቶሎ ይጉደል?» ብለን ተከራከርን። ጓደኛችን «እንግዳ ከሆነች አዎ፤ የዚሁ ልጅ ከሆነች ግን ቁናዋ ሰፊ ነው» ብላ ዘጋችው።

ግጭቱን በአጭሩ እንለፈው። ለእያንዳንዱ ነገር የማይታይ ሳጥን ይሰጠዋል፤ ሳጥንና ሳጥን ከተነካኩ ተጋጩ ማለት ነው። የጋሪውን ሳጥን አተለቅነውና ልጅቷ ፈረሱን ሳትነካው፣ ክንድ ሲቀራት፣ ዘጭ ትል ጀመር። መብራት የጠፋብንን ምሽትም እንለፈው፤ ላፕቶፑ ባትሪ ከሚባል ነገር ጋር ከተለያየ ቆይቷል፣ እኛም ሴቭ ማድረግ ከሚባል ነገር ጋር። የሦስት ሰዓት ሥራ ሄደ። አሁን በየአሥር ደቂቃው ሴቭ፣ በየማታው በፍላሽ። (እናንተም አሁን ተነስታችሁ ሴቭ አድርጉ።)

ዋናው ጠብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለታችን የሳልነው ጌም መጨረሻ የሌለው ሩጫ ነበር። ቴምፕል ረንን ያልተጫወተ የለም መቼስ። የአዲስ አበባዎቹ ቅኔ ጌምስ የሠሩት ኩኩሉም እንደዚያው ነው፤ ዶሮዋ ከአሳዳጇ ታመልጣለች፣ ታመልጣለች፣ አንድ ቦታ ትያዛለች። ለጀማሪ የሚመከረውም ይኼ ዓይነቱ ነው፤ መንገዱ ራሱን እየደገመ ይመጣል፣ መሰናክሉ በዕጣ ይወድቃል፣ ተጫዋቹ ሲወድቅ ጨዋታው አበቃ። ትንሽ ኮድ፣ ብዙ ሩጫ። ደግሞ ማንም በአንዴ ትልቅ ነገር አይሠራም። ዓለምን ያጥለቀለቀው ፖንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ ውስጥ ለአዲሱ መሐንዲስ ለአለን አልኮርን እጁን እንዲያፍታታ የተሰጠ መልመጃ ነበር።

ጓደኛችን ሰማችንና «መጨረሻ ከሌለው ለምንድን ነው የምትሮጠው?» አለች።

«ነጥብ ለመያዝ።»

«እስክትወድቅ?»

«አዎ።»

«ከወደቀች በኋላስ?»

«ጨዋታው አበቃ ይላል።»

ዝም አለች። ይኼ ዝምታ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የተሰማት ሕመም፣ የተባለላት ክለብ፣ ከተማው ሁሉ «አይዞሽ» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ስለ ሌላ ልጅ ማውራት የጀመረበት ክረምት... እኛም የዚያው ከተማ ልጆች ነን፤ እኛም አውርተናል።

«ሞ ፋራህ ሪዮ ላይ አልወደቀም?» አለች በመጨረሻ። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በ10,000 ሜትር መሀል ወደቀ፤ ተነስቶ ወርቁን ወሰደ። ሦስተኛ የወጣው የኛው ታምራት ቶላ ነበር፣ ስለዚህ በደንብ እናስታውሰዋለን።

ቀየርነው። መንገዱ አንድ ዙር ሆነ፦ 400 ሜትር፣ ማለትም 12,000 ፒክስል፣ ክቡ እንደ መቀነት ተፈትቶ ቀጥ ያለ። ከልጅቷ ጎን በሰከንድ 190 ፒክስል የምትሮጥ ጥላ አለች፤ አትደክም፣ አትወድቅ፣ በ63 ሰከንድ ትገባለች። ከጋሪ ጋር የተጋጨ ይወድቃል፣ ሁለት ሰከንድ ይከስራል፣ ይነሳል። የማብቂያ መስመር አሠመርን። ጥላዋ ከቀደመች «ተሸነፍሽ»፣ አንቺ ከቀደምሽ «አሸነፍሽ» ይላል። ጨረስን ብለን ጭኮ በላን።

ቅዳሜ የሠፈር ልጆችን ጠራን። ሰው ሲጫወት ማየት ጉድ ነው! እናንተ ሦስት ሳምንት የለፋችሁበትን ዝላይ አንዱም አያደንቀውም፤ ሁሉም ጋሪው ላይ ወጥቶ መሄድ ይቻል እንደሆነ ነው የሚሞክረው። ጥላዋን ግን ማንም አልቀደማትም። እየተሸነፉ፣ እየሳቁ፣ ቦታ እየለቀቁ ተራ ደረሰ ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ። ሁለቴ ወደቀ። ትንፋሹን ጨረሰ። ጥላዋ ከስክሪኑ ወጥታ ሄደች፤ «ተሸነፍሽ» የሚለው ጽሑፍ መጣ። ጓደኞቹ «ልቀቅ!» አሉት።

«ሂን ዹምኔ!» አለ። አላለቀም ማለቱ ነው። ጽሑፉ ከኋላው ልጅቷን ሸፍኗት፣ እሱ ቁልፉን እየተጫነ፣ እሷ እየተጎተተች ነበር። እኛ ማቆም ረስተን ነበር፤ በኮዱ ጽሑፍ እንዲመጣ እንጂ ሩጫው እንዲቆም አላዘዝንም። ልጁ ቀጠለ። ቤቱ ዝም አለ። መስመሩ መጣ። ልጅቷ መስመሩን አለፈች።

ምንም አልሆነም።

መስመሩ የሚያውቀው አንደኛ የገባውን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሰው የጻፍንለት አንድም ነገር የለም። ልጅቷ መስመሩን አልፋ፣ ሥዕሉ ያለቀበትን ሣር አልፋ፣ ጎዶ ራሱ የሚሰጠው ግራጫ ባዶ ውስጥ ገብታ እየሮጠች ነው። ልጁ ዞር ብሎ አየን። የምንለው አጣን።

ጓደኛችን ጋቢዋን አውልቃ መጣችና «እስቲ ተነሱ» አለች። «ይኼ መስመር የት ነው የሚጻፈው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች። በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው። ጥላዋ ስትገባ ጨዋታውን ከመዝጋት ይልቅ ሰዓቱ እንዲቀጥል፣ ማንም ቢሆን መስመሩን ሲነካ ሰዓቱ እንዲመዘገብ። ስምንት መስመር ኮድ ነው፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ። ሦስቴ በቀይ ጽሑፍ ሰደባት፣ አንዴ ሁለት ነጥብ ረሳች፣ አንዴ ደግሞ መስመሩ ጋሪውንም አንደኛ አድርጎ ሸለመው። «ገባሽ» ብላ የጻፈችው ቃል ሲወጣ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆነ፤ ያወረድነው ቄንጠኛ ፎንት ግዕዝ አያውቅም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እንጫንልሽ አልናት። «ተዉት፣ ሰዓቱ ይበቃል» አለች።

እሑድ ልጁ ተመልሶ መጣ። አንዴ ወደቀ። ጥላዋ ቀድማው ገባች፤ እሱ ቀጠለ። መስመሩን ሲነካ ልጅቷ ቆመች፣ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች (ይቺን ሥዕል ማን ሌሊቱን ሲሥላት እንዳደረ አልጠየቅንም)፣ ስክሪኑ ላይም 1፡22 የሚል መጣ።

«ስንተኛ ወጣሁ?» አለ።

«ሁለተኛ» አለችው ጓደኛችን።

እየዘለለ ወጣ። የሮጡት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ማናችንም አልነገርነውም።