የክፉ ቀን ቂጣ

ታክሲ ነጂ እራቱን የሚቀምሰው ሌላው ሰው እንቅልፉን ሲያጋምስ ነው። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ሊትል ቶኪዮ ሠፈር፣ እስከ ሌሊት የሚያመሽ አንድ የጃፓኖች ምግብ ቤት አለ። ምግቡን «ኦኮኖሚያኪ» ይሉታል፤ «እንደ ወደዱት የተጠበሰ» እንደ ማለት ነው። የስንዴ ሊጥ ከጥቅል ጎመንና ከእንቁላል ጋር በጋለ ብረት ላይ ይጋገራል። የአሳማው ሥጋ ይቅርብኝ ቢሉ ስሙ ራሱ ይፈቅድልዎታል።

አገር ቤት ታሪክ ሳስተምር የሂሮሺማ ትምህርት ኦገስት 6 ቀን 1945 ቦምቡ ሲወድቅ ያበቃ ነበር። የተረፉት ግን ይርባቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ፣ ቦምቡን ከጣለችው አገር በመጣ ዱቄት ይህን ቂጣ እየጋገሩ ሆዳቸውን ያዙ። ዛሬ የከተማቸው መኩሪያ ነው።

የእርዳታ ስንዴ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ልጆቻችን የበዓሉን ዶሮ ወጥ ያውቃሉ፤ የክፉ ቀኑን ቂጣ ግን ማን ይንገራቸው?