ስለ ቤት የጢስ መውጫ አጠራረግ

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ከስሜን ተራሮች የሚወርደውን ብርድ በዚያ አገር ያልኖረ ሰው በወሬ ብቻ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ የሚኖር የቤት ጌታ ሁሉ ከእህሉ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ እሳቱ ነው። ስለ ጢሱ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው፤ እኛም ከማያስቡት ወገን ነበርን።

አባታችን ያቆዩልን ቤት በሣር የተከደነ ነበር። ምድጃው በመካከል ሆኖ ጢሱ በክዳኑ ሣር እየሾለከ ይወጣ ነበር። ዓይን ያቃጥላል፥ ልብስ ያጠቁራል፤ ሆኖም ጣራው ይተነፍስ ነበር፤ ጥቀርሻውም እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቀው ነበር። በኋላ ቤቱን በቆርቆሮ አስከደንነው፤ ኮርኒስ አሠራንለት፤ መስኮቱንም በመስተዋት ዘጋን። የብረት ምድጃ አሠርተን ጢሱ በቆርቆሮ ቱቦ ከጣራው በላይ እንዲወጣ አደረግን። እንግዳ በመጣ ቍጥር ይህን ምድጃ ማሳየት ደስ ይለን ነበር። ቱቦውን ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ስንኳ አላስጠረግነውም፤ የሚጠረግ ነገር መሆኑም በአሳባችን አልመጣም።

ባንድ የታኅሣሥ ማታ እሳቱ አልነድ ብሎ ጢሱ ወደ ቤት ተመለሰ። ሠራተኛችን በሩን ልትከፍት ስትል ብርዱን ፈርተን ከለከልናት። ምድጃውንም አስጠፍተን፥ ከሰል በማንደጃ አስቀጣጥለን እናታችን ወደሚተኙበት ክፍል አስገባን። ፍሙ ቀይ ስለ ሆነ፥ ጢስም ስለሌለው፥ ጉዳት የለውም ብለን ነበር። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ የወተፍነው በገዛ እጃችን ነው።

ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ገደማ እናታችን ለጸሎት ሲነሡ ወደቁ። የወደቁበት ድምፅ ባይቀሰቅሰን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልተገኘን፤ ወደ እርሳቸው ስንሄድ የእኛም ጉልበት ይከዳን ጀምሮ ነበርና። አቅፈን ወደ ደጅ አወጣናቸው፤ በጋቢም ጠቅልለን ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሦስት ቀን ራሳቸውን ሲያማቸው ሰንብተው ዳኑ።

ሐኪሙ እንደ ነገረን፥ አየር ባነሰው እሳት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወለዳል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ከደምም ጋራ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። በመጀመሪያ ራስ ያማል፥ ያቅለሸልሻል፥ ጉልበት ያደክማል፤ የተኛ ሰው እንደ ሆነ ግን ምልክቱን ሳያውቅ ይሞታል። የተደፈነ የምድጃ ቱቦም ይህንኑ ጋዝ ወደ ቤት ይመልሳል። እንግዲህ በዚያች ሌሊት ከአንዱ አደጋ ሸሽተን ወደ ባሰው ገብተን ነበር።

በማግስቱ የጠራነው ቆርቆሮ ሠሪ ቱቦውን ሲፈታ፥ «ጌታዬ፥ ይህ ቱቦ ነው ወይስ የከሰል ጆንያ?» አለን። ሁለት ጣት ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀርቶት ነበር። የሰውየው መሣሪያ ብዙ አልነበረም፤ አንድ ረጅም ገመድ፥ አንድ ድንጋይ፥ አንድ ጆንያ፥ ከአጋም ጭራሮም አጥብቆ ያሰረው እንደ ቱቦው ውፍረት የሆነ መጥረጊያ ነበረው። ከሽቦ የተሠራ መጥረጊያ ቢገኝ እንደሚሻል እርሱም ተናግሯል።

እሳቱ ከጠፋ አንድ ሌሊት አልፎ ምድጃው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሥራውን አልጀመረም። ከዚያ በኋላ የምድጃውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ዘጋ፤ አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፈነ። የሚፈታውን የቱቦ ክፍል ወደ ደጅ አውጥቶ በእንጨት ቀስ አድርጎ መታው፤ የማይፈታውን ግን ጣራ ላይ ወጥቶ በገመዱ ጫፍ ድንጋዩን፥ ከድንጋዩም በላይ መጥረጊያውን አስሮ ወደ ታች እየሰደደና እየሳበ አጸዳው። ጫፉ ላይ ካለው ክዳን ሥር የወፍ ጎጆ አወጣ። ቱቦውንም ወደ ፀሐይ አቅንቶ ዝገት የበሳው እንዳለ ተመለከተ። መልሶ ሲገጥመው የላይኛውን ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ አስገባ፤ ከጥቀርሻው የሚንጠባጠበው ጥቁር ውሃ ወደ ውጭ ሳይፈስ በውስጥ ወርዶ እሳቱ ላይ ይቃጠል ዘንድ ነው። ቀድሞ ተገልብጦ ተገጥሞ ስለ ነበረ ግድግዳችን ላይ ያ ሁሉ እድፍ ከየት እንደ መጣ ያን ጊዜ ገባን።

አፉን መሸፈኑ ለከንቱ አይደለም። በለንደን ከተማ ድኾች ልጆችን በጢስ መውጫ ውስጥ እያስገቡ ያስጠርጉ ነበር፤ ፐርሲቫል ፖት የሚባለው ሐኪም ጥቀርሻ በእነዚህ ሰዎች ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1775 ጻፈ። ሕጉ ይህን ሥራ በሚገባ የከለከለው ግን በ1875 ነው፤ 100 ዓመት ሙሉ ልጆቹ ይወጡ ነበር።

የጥቀርሻው ብዛት ከእንጨታችን የተነሣ ነበር። በዚያው ሳምንት የተቈረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንማግድ ነበርና፥ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ እንደ ሬንጅ እየሆነ ይጣበቅ ነበር። ይህ ሬንጅ ራሱ በእሳት የተያዘ እንደ ሆነ ቱቦው እንደ ዐውሎ ነፋስ ያገሣል፥ ጣራውንም ያቃጥላል። ስለዚህ እንጨቱ ተፈልጦ ቢያንስ 6 ወር በጥላ ሥር መድረቅ አለበት፤ ጥቀርሻውም 3 ሚሊ ሜትር ሳይሞላ ይጠረግ። የቱቦው ጫፍ ከጣራው ከወጣበት ስፍራ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ውስጥ ካለውም የጣራ ክፍል ሁሉ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ዝቅ ካለ ግን ነፋስ ጢሱን ወደ ታች ይመልሰዋል።

ከዚያ ወዲህ ከሰል በተዘጋ ክፍል አይገባም፤ ቱቦውም በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሰኔና በኅዳር ይጠረጋል። የኅዳሩን ቀን የመረጡት እናታችን ናቸው፤ ሕዝቡ ቆሻሻ አቃጥሎ መንደሩን የሚያጥንበት ኅዳር 12 ነው። ቆርቆሮ ሠሪው ጣራ ላይ ሳለ እርሳቸው በደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጆንያውን ይጠብቃሉ። ባለፈው ጊዜ ከግማሽ በታች ሆኖ ቢያዩት፥ «ምነው ልጄ፥ ዘንድሮ አነሰሳ? እስቲ አንድ ጊዜ ድገመው» ብለው መልሰው አወጡት።