ትራክተራችንን ስንሸጥ

ትራክተር መሸጥ መኪና ከመሸጥ አይለይም የሚሉ አሉ። እኛ አራት ቤተሰቦች በ2023 መጀመሪያ እንዳየነው ግን ነገሩ በሬ ወደ መሸጥ ያደላል።

ሁላችንም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የገባን ነን። በ2019 በደቡብ በሚገኝ አንድ ሞሻቭ ስድስት ዱናም መሬት ተከራይተን ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ጥቂት በቆሎ ማልማት ጀመርን። ለዚሁም ገንዘብ አዋጥተን ባለ 25 የፈረስ ጉልበት አነስተኛ ትራክተር ከነመኮትኮቻውና ከነአፈር መዛቂያው አዲሱን ገዛን። ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 የሽሚጣ ዓመት ስለነበረ መሬቱ አረፈ፤ ትራክተሩም አብሮ አረፈ። ዓመቱ ሲያልቅ ባለመሬቱ ውሉን አላድስም አሉን። የሰዓት ቆጣሪው በዚያን ጊዜ 187 ብቻ ያሳይ ነበር።

መሬት ከሌለ ትራክተር ምን ይሠራል? በዚህ ብዙ ተከራከርን። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ መሸጡን ፈጽሞ አልወደዱትም። «አባቶቻችን በጎንደር ማረሻ ቀጥቅጠው ለሌላው ገበሬ ሸጡ፤ ርስት ግን ስለሌላቸው የሰው መሬት አረሱ። መሬቱም ዛሬ ሄደ፤ በስማችን የተጻፈውን መሣሪያ ደግሞ እኛው እንስጥ?» አሉ። መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ሆኖም ቆሞ የሚውል በሬም ገለባ ይበላል። ኢንሹራንሱና የዓመቱ ቴስት ይከፈላል፤ ባትሪው ይደክማል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ በታንኩ ውስጥ የቆየው ናፍጣ ይበላሻል። ጋሼ ሦስት ሳምንት አኩርፈው ቆይተው «እንግዲያው በርካሽ አይሆንም» ብለው ተስማሙ።

መጀመሪያ ትራክተር ነጋዴ ዘንድ ሄድን። የእኛን ወስዶ በእጅ የሚገፋ አነስተኛ መኮትኮቻ ሊሰጠንና ልዩነቱን በገንዘብ ሊከፍለን ፈቀደ። የገመተው ዋጋ ግን ከገዛንበት ግማሽ አይሞላም ነበር። ተናደድን። በእርጋታ ሲታሰብ ግን ነጋዴውም ምክንያት አለው፤ መርምሮ፣ ጠግኖ፣ ዋስትና ሰጥቶ፣ ገዢ እስኪመጣ ገንዘቡን አስሮ ይቆያል። ይህ ሁሉ ከሻጩ ላይ ይቀነሳል። ለተቸኮለ ሰው መጥፎ አይደለም፤ እኛ ግን አልተቸኮልንም።

ከላኪሽ አካባቢ ትውልዳቸው ሞሮኮ የሆነ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደወሉ። «ሳልመጣ እንዳታስነሱት» አሉን። እንደደረሱ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋገጡ፤ የሞቀ ሞተር ጉድለቱን ይደብቃልና። ሲነሳ ጢሱን ተመለከቱ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ከዚያ መዛቂያውን ከፍ አድርገው ሞተሩን አጠፉና ዝም ብለው ቆሙ። በራሱ ቀስ እያለ ከወረደ ሃይድሮሊኩ ችግር አለበት ማለት ነው። አልወረደም። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው የፍሬኑን ፔዳል ጎማ በጣታቸው ዳሰሱ። ቆጣሪ ሊዋሽ ይችላል፤ እግር የበላው ጎማ ግን አይዋሽም።

ጋሼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ጥርስ እያዩ ነው!» አሉን። በእርግጥም በሀገራችን ገበያ በሬ ገዢ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም ነበር። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች በተሰባበረ ዕብራይስጥ ሲከራከሩ እኛ ዳር ቆመን ሻይ አቀረብን። በኮፈኑ ላይ ያለውን ጭረትና ከመጀመሪያው 50 ሰዓት በኋላ ዘይትና ማጣሪያ የቀየርንበትን ደረሰኝ ራሳችን አውጥተን አሳየን። ዋጋው ከነጋዴው ግምት በሩብ ያህል በልጦ ተዘጋ።

የቀረው ወረቀት ነበር። ትራክተር በእስራኤል ሰሌዳና ሪሺዮን ያለው ተሽከርካሪ ስለሆነ ባለቤትነቱ በሕግ ካልተዛወረ ቅጣቱ ለቀድሞው ባለቤት ይመጣል። ሪሺዮኑ በአንዳችን ስም ብቻ ነበረ፤ ደግነቱ ስንገዛ የአራታችንን ድርሻ ጽፈን ፈርመን ነበርና ሲከፋፈል ክርክር አልተነሳም። ገዢው በበኩላቸው ዕዳ ወይም መያዣ እንዳለበት በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ካለው የመያዣ መዝገብ አጣርተው መጡ። ገንዘቡ ሲገባ ቁልፉን ጋሼ በእጃቸው ሰጡ።

መኮትኮቻውን ሽማግሌው ሌላ አለኝ ብለው አልወሰዱትም። እስካሁን በአንዳችን መጋዘን በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ጋሼም እንዳይሸጥ ብለዋል።